ጥርስን ማንጣትና ጥርስን ማቆየት

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ በአምቦ መንገድ ተጉዞ ሆለታን ያለፈ ሰው፥ ከዋና ከተማው 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ ዓለምን ያገኛል። ይህችም ከተማ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ፥ በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው ደን ተጨፍጭፎ ማገዶ ስላነሰ፥ መናገሻቸውን ሊያዛውሩባት አስበው የቆረቆሯት ናት፤ በኋላ ግን ፈጥኖ የሚያድገው ባሕር ዛፍ የማገዶውን ችግር ስላቃለለው ዐሳቡ ቀርቶ፥ ለቤተ መንግሥት የታነጸው አዳራሽ ቤተ መቅደስ ሆነና ደብረ ጽዮን ማርያም ተባለ። በዚህ አገር፥ እንደ ሌላውም የሸዋ አገር ሁሉ፥ ከምድጃ ከሚተርፈው ከሰል ጥቂቱን አድቅቆ፥ ጨው ጨምሮበት፥ በጣት ወይም በእንጨት ጥርስን ማሸት ከአባት ከእናት ሲወርድ የመጣ ልማድ ነው። አሁን ደግሞ ይኸው ከሰል ከውጭ አገር በሚያምር ቱቦ ተሞልቶ፥ ጥርስ የሚያነጣ ጥቁር ሳሙና ተብሎ፥ በአዲስ አበባ ሱቆችና ፋርማሲዎች ከነጩ በሚበልጥ ዋጋ ሲሸጥ ይታያል። ከምድጃው የወጣውም ከፋብሪካው የመጣውም የሚሰጡት ተስፋ አንድ ስለሆነ፥ ተስፋው እውነት መሆን አለመሆኑን መመርመር የሚገባ ሆኖ አገኘሁት።

ጥርስ ላይ ላዩን ሲያዩት አንድ ወጥ አጥንት ይመስላል፤ ሊቃውንቱ ከፍለው ሲመረምሩት ግን ልዩ ልዩ ባሕርይ ያላቸው ክፍሎች ተደራርበው የሠሩት አካል ሆኖ ይገኛል። ከሁሉ በላይ ያለው ኢናሜል የሚባለው ሽፋን ነው፤ እርሱም ከክብደቱ ከመቶ 96 ያህሉ ማዕድን በመሆኑ በሰው አካል ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ ይጠነክራል። ማዕድኑም ከካልሲየምና ከፎስፌት የተዋሐደ ሲሆን በሳይንስ ቋንቋ ሃይድሮክሲአፓታይት ይባላል። ከኢናሜሉ ሥር ዴንቲን የተባለው፥ ከእርሱ የለሰለሰና መልኩም ወደ ቢጫ የሚያደላ ክፍል አለ፤ ከዚያም ውስጥ ሥጋውና ደም ሥሩ፥ ሕመምን የሚያስተላልፈውም ነርቭ ይገኛል። ኢናሜሉ በመንጋጋ ጥርስ ጫፍ ላይ እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ይወፍርና ወደ ድዱ በተጠጋ መጠን እየሳሳ ሄዶ በጥርሱ አንገት ላይ ያልቃል። ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ይህ ነው፤ ኢናሜልን የሠሩት ሕዋሳት ጥርሱ ከድድ ብቅ ባለ ጊዜ ሥራቸውን ጨርሰው ይጠፋሉና፥ የተሰበረ አጥንት እንደሚጠግን፥ የተቈረጠ ቆዳም እንደሚገጥም፥ ተፍቆ ያለቀ ኢናሜል ተመልሶ አይበቅልም።

እንግዲህ የጥርስ መልክ ከየት ይመጣል? ኢናሜሉ ብርሃን የሚያሳልፍ ስለሆነ፥ በቢጫ ቀሚስ ላይ የተደረበ ስስ ነጠላ የቀሚሱን ቀለም እንደማይደብቅ ሁሉ፥ እርሱም የዴንቲኑን ቢጫነት ጨርሶ አይሸፍነውም። ስለዚህ ጤናማ የሰው ጥርስ፥ ዛሬ በማስታወቂያ ላይ እንደምናየው የወረቀት ንጣት ያለው ሳይሆን፥ በተፈጥሮው በጥቂቱ ወደ ቢጫነት የሚያደላ ነው። ዕድሜ እየገፋ ሲሄድም ኢናሜሉ እየሳሳ፥ ዴንቲኑም እየወፈረና እየጠቈረ ስለሚሄድ የሽማግሌ ጥርስ ከልጅ ጥርስ ይልቅ ይበልዛል። አንዲት ኮረዳ መስታወት ፊት ቆማ «እማዬ፥ በየቀኑ እየፈገፈግሁት ጥርሴ ለምን ቢጫ ይሆናል?» ብላ ስትጠይቅ፥ እናቲቱም «አጥብቀሽ ብትፈገፍጊው ነው የሚለቅ፥ ልጄ» ብላ ስትመልስላት፥ ምክሩ ከፍቅር የመጣ ቢሆንም ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ አጥብቆ መፈግፈጉ ሽፋኑን ባሳሳው መጠን ከሥር ያለው ቢጫ ይበልጥ ይገለጣልና። ንጣትን ሽቶ በመፋቅ የሚደክም ሰው በመጨረሻ የሚያገኘው የሚሸሸውን መልክ ነው።

ይህ ሲባል ግን በጥርስ ላይ የሚታየው ቀለም ሁሉ ከውስጥ የመጣ ነው ማለት አይደለም። ቡናና ሻይ፥ ትምባሆና ጫት፥ ቀይ ወይንም ቢሆን፥ በጥርስ ላይ ሁልጊዜ ከሚለጠፈው የምራቅ ስስ ሽፋን ጋር እየተያያዙ ቡናማ እድፍ ይተዋሉ። ጀበናው በቀን ሦስት ጊዜ ከሚጣድበት ቤት የወጣ ሰው ይህ እድፍ ቢታይበት ሊያፍርበት አይገባም፤ በሽታ አይደለምና። በሐኪም ትእዛዝ ለድድ ሕመም የሚሰጠው ክሎርሄክሲዲን የሚባለው የአፍ መጉመጥመጫም ሲሰነብቱበት ጥርስን ቡናማ ያደርጋል። እንዲህ ያለው የውጭ እድፍ በጥርስ ሳሙና ሊቀነስ ይችላል፤ ከውስጥ የመጣውን ቀለም ግን ምንም ቢፈገፍጉት አያገኙትም። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ብዙ ጥርስን ከከንቱ መፋቅ ያድናል።

አሁን ወደ ሳሙናው እንግባ። የጥርስ ሳሙና በውስጡ ከያዘው ነገር ዋናው የሚፈገፍገው ደቃቅ ዱቄት ነው፤ ቀሪው እንዳይደርቅ የሚያረጥበው ግሊሰሪን ወይም ሶርቢቶል፥ የሚያያይዘው ሙጫ፥ አረፋውን የሚያወጣው ሶዲየም ሎሪል ሰልፌት፥ ጣዕም የሚሰጠው የናና ዘይትና የመሳሰለው ነው። አረፋ የጽዳት ምልክት መስሎ ይታየናል እንጂ ጥርስን አያነጣም። አንዳንድ ሳሙናም ፒሮፎስፌት የሚባል ውሑድ ይጨመርበታል፤ ሥራውም የምራቅ ማዕድን በጥርስ ላይ እየጠጠረ እንዳይጋገር መከላከል ነው። የንጣቱም የጉዳቱም ምሥጢር ያለው በዱቄቱ ላይ ስለሆነ በእርሱ ላይ ጥቂት እንቆይ።

የማዕድናትን ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 በሚቈጥረው በሞስ መለኪያ ኢናሜል 5 ገደማ፥ ዴንቲን 3 ገደማ ናቸው። ብዙ ሳሙና የሚሠራበት የኖራ ድንጋይ ዱቄት፥ ማለትም ካልሲየም ካርቦኔት፥ 3 ስለሆነ ኢናሜሉን ለመጫር ይቸገራል፤ ለምግብ የምንጠቀምበት ቤኪንግ ሶዳ ደግሞ 2.5 ያህል ሆኖ፥ በዚያ ላይ በውሃ ስለሚሟሟ፥ ከሁሉ የለሰለሰ ነው። በብዙ ሳሙና የሚገኘው ሲሊካ እንደ አሠራሩ ልዝብም ሻካራም ሊሆን ይችላል። በእሳት የተቃጠለው የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ግን 9 ነውና በዕለት መጠቀሚያ ሳሙና ውስጥ ሊገባ የሚገባው አይደለም። እዚህ ላይ ተራ አሸዋ 7 ያህል መሆኑን ማስታወስ ይጠቅማል፤ አውድማ ላይ ከእህሉ ጋር የሚቀላቀለው አሸዋና ከወፍጮ ድንጋይ እየተፋቀ ዱቄቱ ውስጥ የሚገባው ብናኝ ጥርስን ዕድሜ ልክ የሚሞርድ ስለሆነ፥ የጥንት ግብፃውያንን አስከሬን የመረመሩ ሊቃውንት በዳቦአቸው ውስጥ የነበረው ድንጋይ ጥርሳቸውን እስከ ሥሩ እንደ በላው አይተዋል። እናቶቻችን እህል በሰፌድ አበጥረው፥ ጠጠር ለቅመው ወደ ወፍጮ የሚልኩት ለጣዕም ብቻ አልነበረም።

የሳሙናን ሻካራነት የሚለኩበትም ጥበብ አለ። የተነቀለ ጥርስ ዴንቲን በኑክሌር ጨረር ውስጥ ገብቶ በውስጡ ያለው ፎስፈረስ ጨረር የሚያመነጭ ይሆናል፤ ከዚያ በመሣሪያ በተያዘ ብሩሽ በሳሙናው ይፈገፈግና ወደ ውሃው የወጣው ጨረር ተቈጥሮ ምን ያህል ዴንቲን እንደተፋቀ ይታወቃል። ለማነጻጸሪያ የተመረጠው ዱቄት 100 ተብሎ ይያዝና ሌላው ሁሉ ከእርሱ ጋር ይመዘናል፤ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በደንብ ቁጥር 11609 የወሰነው ጣሪያም 250 ነው። እናነጣለን የሚሉት ሳሙናዎች ብዙዎቹ ከ100 በላይ ናቸው። የሚያሳዝነው ይህ ቁጥር በቱቦው ላይ እምብዛም የማይጻፍ መሆኑ ነው፤ ገዥው ማወቅ የሚገባው እርሱን ነበርና። ከዚህ ይልቅ ሕዝቡ ይዞት የሚዞረው በቱቦው ጫፍ ላይ ያለችው አረንጓዴ፥ ሰማያዊ፥ ቀይ ወይም ጥቁር ምልክት የሳሙናውን ተፈጥሯዊነት ወይም መርዛማነት ትገልጻለች የሚል ወሬ ነው። ምልክቷ ግን ቱቦውን የሚቈርጠውና የሚያሽገው መሣሪያ ቦታውን የሚለይባት ናት እንጂ ስለ ውስጡ የምትናገረው አንዳች ነገር የላትም።

እውነቱን ለመናገር፥ ጤናማ ኢናሜል ያለው ሰው ለስላሳ ብሩሽና በደንቡ ውስጥ ያለ ሳሙና ይዞ በቀን ሁለት ጊዜ ቢያጸዳ፥ በዕድሜው ሙሉ ከኢናሜሉ የሚሄደው እጅግ ጥቂት ነው። አደጋው የሚያይለው ድዱ የሸሸበት ሰው ዘንድ ነው። ድድ ሲሸሽ በጥርሱ አንገት ላይ ያለው ዴንቲን ያለ መከታ ይገለጣል፤ እርሱንም በሻካራ ሳሙናና በጠንካራ ብሩሽ ወዲያና ወዲህ በኀይል የሚመላለስበት ሰው፥ ከዓመታት በኋላ በአንገቱ ላይ በመጥረቢያ የተጠረበ የሚመስል ቦይ ያገኝበታል፤ ቀዝቃዛ ውሃም ሲነካው ይነዝረዋል። ብሩሹ ብቻውን፥ ያለ ዱቄቱ፥ ይህን ያህል አይፍቅም፤ የሚፍቀው ዱቄቱና የእጁ ኀይል ተባብረው ነው።

ስለ ከሰሉም እንግዲህ ፍርዱ ከዚህ ይወጣል። ከሰል የላይ ላዩን እድፍ ያነሣል፤ ይህን መካድ አይቻልም፤ ሰውም በዐይኑ ያየውን ውጤት ስለሚያምን ልማዱ ዘልቋል። ነገር ግን በሙቀጫ የተወቀጠ የምድጃ ከሰል ቅንጣቱ እኩል አይሆንም፤ አመድም አሸዋም ይቀላቀልበታል፤ ደቃቁም በድድ ጠርዝና በጥርስ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ጥቁር መስመር ይተዋል። ፋብሪካ የሠራውም ቢሆን ያነጣል ወይም ጀርም ይገድላል ለሚለው ቃሉ በቂ ማስረጃ እንዳልቀረበለት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 በአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት የወጣ ሐተታ ገልጿል። ከዚህ የባሰው ግን ሎሚ ጨምቆ በሶዳ ወይም በጨው ለውሶ መፈግፈግ ነው፤ ሎሚው ኢናሜሉን ያለሰልሰዋል፥ ፈግፋጊው የለሰለሰውን ይወስደዋል። በዚያን ዕለት ጥርሱ ነጥቶ ይታያል፤ የነጣው ግን የገዛ አካሉ ተፍቆ ነው።

የኮምጣጣ ነገር ከተነሣ ዘንድ የአምቦን ውሃ ሳያነሡ ማለፍ በምዕራብ ሸዋ ለሚኖር አንባቢ አይሆንም። ከምድር ውስጥ አየሩን ይዞ የሚፈልቀው ይህ ውሃ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ ሲሸጥ የኖረ ነው፤ አየር ያለው መጠጥ ሁሉ ጥርስ ይበላል የሚባለውን የሰማ ሰውም ስለ እርሱ ይጠይቃል። ኢናሜል መሟሟት የሚጀምረው የኮምጣጣነቱ መለኪያ፥ ፒ ኤች የሚባለው፥ ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ ነው፤ ቁጥሩ በአንድ በወረደ ቁጥርም ኮምጣጣነቱ ዐሥር እጥፍ ይጨምራል። ስኳርና ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት ጥቁሩ ለስላሳ መጠጥ 2.5 ገደማ ስለሆነ ከዚያ ወሰን አንድ ሺህ እጥፍ ይኮመጥጣል። በማዕድን ውሃ ውስጥ ያለው ካርቦኒክ አሲድ ግን ደካማ ነው፤ አየሩ ሲወጣም ኮምጣጣነቱ አብሮ ይወጣል፤ ውሃው የተሸከመው ቢካርቦኔትና ካልሲየምም ጉዳቱን ያረግበዋል። ስለዚህ ስኳር ያልገባበት የማዕድን ውሃ ከለስላሳው መጠጥ ጋር በአንድ ሚዛን ሊቀመጥ አይገባውም፤ ሎሚ ሲጨመቅበት ግን ነገሩ ይለወጣል። ጠጅም ጠላም ኮምጣጣነት አላቸው፤ እንጀራችንም ቡኮው ኮምጥጦ የሚጋገር ነው። ለዚህ ሁሉ እግዚአብሔር ያዘጋጀው መድኀኒት ምራቅ ነው፤ ምራቅ ኮምጣጣውን ያበርዳል፥ በውስጡ ባለው ካልሲየምና ፎስፌትም የላላውን ኢናሜል መልሶ ያጠነክራል። ይህን ለመሥራት ግን ጊዜ ይፈልጋልና፥ ኮምጣጣ የበላ ወይም የጠጣ ሰው ወዲያው ብሩሽ ከማንሣት ይልቅ አፉን በውሃ ተጉመጥምጦ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢቆይ ይሻለዋል።

ወደ ማጽጃው ስንመለስ፥ ያለ ምንም ዱቄት የሚሠራው መፋቂያችን ክብር ይገባዋል። ከወይራ ወይም ከክትክታ ተቈርጦ ጫፉ ሲታኘክ እንደ ብሩሽ የሚዘረዘረው ይህ እንጨት፥ ልጆች በየመንገዱ እየዞሩ የሚሸጡት፥ በትዕግሥት ለሚጠቀምበት ሰው ያለ ሞረድ ያጸዳል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1986 እ.ኤ.አ. መፋቂያ በተለመደባቸው አገሮች እንዲበረታታ መክሯል። ጉድለቱ ሁለት ነው፤ አንደኛ፥ ሰው የፊቱን ጥርስ እየፋቀ የውስጡንና የመንጋጋውን ይረሳል፤ ሁለተኛ፥ ወደ ድዱ በኀይል ሲገፉት ድዱን ያሸሻል። ከድዱ ወደ ጥርሱ ጫፍ፥ ቀስ ብሎ ቢያዙት ሁለተኛው ጉድለት ይቀራል።

የማንጣት ጥበብ ሁሉ መፋቅ አይደለም። በጎንደር፥ በጎጃም፥ በትግራይና በወሎ የነበሩ እናቶቻችን ጥርሳቸው ነጥቶ እንዲታይ ጥርሱን ትተው ድዳቸውን በመርፌና በጥላሸት ይነቀሱ ነበር፤ ድዱ ሲጠቍር ጥርሱ አጠገቡ ያበራል። መርፌው ሕማም አለው፥ ንጽሕናውም ያጠራጥራልና ልማዱን አላመሰግነውም፤ ዐይን የሚያየው ቀለምን ብቻውን ሳይሆን ከጎኑ ካለው ጋር አመዛዝኖ መሆኑን ማስተዋላቸውን ግን አደንቃለሁ። በዘመናችን አንዳንድ ሳሙና ውስጥ የሚገባው ብሉ ኮቫሪን የተባለው ሰማያዊ ቀለም ከዚሁ ጥበብ ጋር ይዛመዳል፤ በጥርስ ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ ይተኛና ቢጫነቱን በሰማያዊ ያደበዝዘዋል፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላም ይለቃል። ጥርሱን አይጎዳም፥ አይለውጠውምም። በእውነት ከውስጥ የሚያነጣው ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ ነው፤ እርሱ ኢናሜሉን አልፎ ቀለም ያለውን ነገር ይበትናል። የአውሮፓ ኅብረት ግን ያለ ሐኪም በሚሸጥ ነገር ውስጥ ከመቶ 0.1 በላይ እንዳይገባ ስለወሰነ፥ በሁለት ደቂቃ ፍግፈጋ ከሳሙና የሚገኘው ጥቂት ነው፤ የሚያነጣው መጠን በጥርስ ሐኪም እጅ የሚሰጠው ነው።

የቀረን ፍሎራይድ ነው፤ ይህም ጥርስን የሚያድንም ጥርስን የሚያበልዝም ስለሆነ ከሁሉ ይልቅ ማስተዋልን ይሻል። ፍሎራይድ ወደ ኢናሜሉ ማዕድን ሲገባ የሚሟሟበት ወሰን ከ5.5 ወደ 4.5 ገደማ ስለሚወርድ ጥርሱ ለኮምጣጣ ይጸናል። ከእርሱ ጋር የሚደባለቀው ዱቄት ግን ሊስማማው ይገባል፤ ሶዲየም ፍሎራይድ ከኖራ ድንጋይ ዱቄት ጋር ቢገናኝ በካልሲየሙ ተይዞ ሥራ ፈት ይሆናልና፥ በኖራ የሚሠሩት ሳሙናዎች ሶዲየም ሞኖፍሎሮፎስፌት የተባለውን ይመርጣሉ። በሳሙናው ላይ ከ1000 እስከ 1500 ፒ ፒ ኤም የሚል ጽሕፈት ካለ የሚበቃ ፍሎራይድ አለው ማለት ነው። ከንጣቱ ማስታወቂያ ይልቅ ገዥው ሊፈልገው የሚገባው ይህን ጽሕፈት ነው።

ነገር ግን ይኸው ፍሎራይድ ጥርሱ በድድ ውስጥ ገና በሚሠራበት በሕፃንነት ዘመን ከልክ በላይ ሲዋጥ ኢናሜሉን ያበላሸዋል፤ ጥርሱም ነጭ ነጠብጣብ፥ ሲብስም ቡናማ ሆኖና ተቦርቡሮ ይበቅላል። ይህን ምሥጢር ለመግለጥ ፍሬድሪክ ማኬይ የተባለው አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም በኮሎራዶ ከ1901 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ ዓመት ደክሞበታል፤ ፍሎራይድ መሆኑንም ቸርችል የተባለ ኬሚስት ያረጋገጠው በ1931 እ.ኤ.አ. ነው። በአገራችን በስምጥ ሸለቆ የሚኖረው ሕዝብ ይህን መልክ ያለ ምርጫው ተሸክሞ ኖሯል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 የሆላንድ ኩባንያ የስኳር ፋብሪካ ባቆመባት በወንጂ ሠራተኞችና ልጆቻቸው ከጉድጓድ የጠጡት ውሃ፥ የዓለም ጤና ድርጅት ከወሰነው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም እጅግ የበለጠ ፍሎራይድ ስለነበረበት፥ ጥርሳቸው በልዟል፤ ለብዙ ዓመት የጠጡትም አጥንታቸው ደርቆ ጎብጠዋል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1987 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ በሽታ ጽፈዋል። ከዚያ አገር መጥቶ በአምቦም ሆነ በአዲስ አበባ የሚማረውን ልጅ «ጥርስህን አትፍቅም ወይ?» ብሎ ማሳፈር ግፍ ነው፤ መልኩ የተጻፈው ጥርሱ ሳይበቅል ነውና ሳሙናም ከሰልም አያነሣውም። የሚያነሣው ሐኪም ላይ ላዩን በጥንቃቄ አለስልሶ ወይም ሸፍኖ የሚሠራው ሥራ ነው፤ የሚከለክለውም የውሃው መጣራት ነው። ለዚህም በአንዳንድ መንደሮች የከብት አጥንት ተቃጥሎ የሚሠራ ማጣሪያ ተተክሏል፤ የአጥንት ማዕድን ከጥርስ ማዕድን ጋር አንድ ዘር ስለሆነ፥ ፍሎራይዱ ወደ ሕፃኑ ጥርስ ከመድረሱ በፊት በማጣሪያው ይያዛል።

ለሕፃናት የሚሰጠው ሳሙናም በዚሁ ምክንያት በመጠን ነው፤ ሦስት ዓመት ላልሞላው የሩዝ ፍሬ ያህል፥ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላለው የአተር ፍሬ ያህል፥ ያውም ወላጅ ቆሞ እያየ፥ ልጁ እንዲተፋው እንጂ እንዳይውጠው እየተቈጣጠረ። በተለይ ውሃቸው ፍሎራይድ በበዛበት በስምጥ ሸለቆ የሚኖሩ ወላጆች ለልጃቸው ሳሙና ከመምረጣቸው በፊት ስለሚጠጡት ውሃ የአካባቢውን ጤና ባለሙያ ቢጠይቁ ይገባል። ትልልቆቹ ግን ሳሙናውን ከተፉ በኋላ አፋቸውን በብዙ ውሃ አጥበው ፍሎራይዱን ከማስወጣት ይልቅ ተፍተው ብቻ ቢተዉት፥ በተለይም ማታ ከመኝታ በፊት፥ ጥርሳቸው ሌሊቱን ሙሉ ይጠቀምበታል።